ዋጋው ያልታወቀው የጋሽ ወንድይፍራው አልጋ

ተረቴ ደጅ ቆማለች፤ በሩን ክፈቱላት።

ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ ጡረተኛ በባዛር ጥያቄና መልስ አሸንፈው አልጋ ደረሳቸው። ልጃቸው ስንዱ ወልዳ እሳቸው ቤት ልትታረስ ነው። ቤታቸው ያለው ግን መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ብቻ ነው፤ ጎረቤት እንዳያይባቸው በራቸውን ዘግተው ይኖራሉ።

አልጋውን ሊወስዱ ሄዱ። የባዛሩ ሰውዬ፣ «የሽልማቱ ግብር ካልተከፈለ አልሰጥም» አለ። ግብር ካልተከፈለ አልጋ የለ፣ አልጋ ከሌለ ስንዱ የት ትተኛ?

ግብር ቢሮ ሄዱ። ሠራተኛዋ፣ «ገንዘብ ቢሆን አሰላልዎ ነበር፤ የአልጋው ዋጋ ካልተገመተ ምኑን ላስላ?» አለች። ግምት ከሌለ ግብር የለ፣ ግብር ካልተከፈለ አልጋ የለ፣ አልጋ ከሌለ ስንዱ የት ትተኛ?

ገማቹ ዘንድ ሄዱ። «አልጋውን የሠራው አናጢ ድንበሩ ከምን እንጨት እንደሠራው ካልነገረኝ አልገምትም» አለ።

እዚህ ላይ ጋሽ ወንድይፍራው አንገታቸውን ደፉ። ለካስ ከዚህ በፊት በእድር ስብሰባ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እኔ የድንበሩ አልጋ ላይ አልተኛም፤ የዶሮ ቆጥ ነው» ብለው አስቀውበታል። ምን ያድርጉ፣ እግራቸውን እየጎተቱ ሄዱ።

ድንበሩ ከመላጊያው ቀና እንኳ አላለም። «የዶሮ ቆጥ ብለው ያስጽፉት ጋሼ፣ ግብሩም ይቀልልዎታል። እንጨቱን ግን የሰደቡኝ ቦታ ቆመው ቃልዎን ካላነሱ አልናገርም።»

ቃል ካልተነሳ እንጨት የለ፣ እንጨት ካልታወቀ ግምት የለ፣ ግምት ከሌለ ግብር የለ፣ ግብር ካልተከፈለ አልጋ የለ፣ አልጋ ከሌለ ስንዱ የት ትተኛ?

እሁድ እድር ላይ ተነሱ። ያኔ ያሳቁበት ቦታ ላይ ቆሙ።

«የድንበሩን አልጋ የሰደብኩት እኔ አልጋ እንደሌለኝ እንዳታውቁብኝ ነው። የምተኛው መሬት ላይ ነው። አፍሬያለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ድንበሩ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ዋንዛ ነው፣ ጋሼ» አለ።

ቃል ተነሳ፣ እንጨት ታወቀ፣ ገማቹ ገመተ፣ ሠራተኛዋ አሰላች። ዋንዛ ነውና ግብሩ ከበድ አለ፤ ሳያጉረመርሙ ከፈሉ። አልጋው ወጣ፣ ስንዱ ልጇን አቅፋ ተኛችበት።

እሳቸውማ አሁንም ፍራሻቸው ላይ ናቸው። አራስ ጠያቂ ሲመጣ ግን በሩን አይዘጉም።

ተረቴ ገባች፤ ድምፅ ቀንሱ፣ ሕፃኑ ተኝቷል።