እናት ዓሣና ጠንቃቃው ሸርጣን

ተረት ተረት፤ ማዕበል ከግንቡ ሥር ያመጣት።

በአንድ ድንጋያማ የባሕር ወደብ፣ ከወደቡ ግንብ ሥር፣ እናት ዓሣ ከአንድ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። በግንቡ ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ ጠንቃቃ ሸርጣን ይኖር ነበር።

አንድ ማለዳ አንድ ሰው ግንቡ ላይ ተቀምጦ ትል የሰካበትን መንጠቆ በክር አስሮ ጣለ። የዓሣዋ ልጅ ትሉን እጎርሳለሁ ሲል ተያዘ። ክሩ ከድንጋይ ጋር ስለተጠላለፈ ሰውየው ቶሎ ሊያወጣው አልቻለም። እናቲቱ ወደ ሸርጣኑ ገሰገሰች።

«ጎረቤቴ፣ እባክህ ድረስልኝ። የአንተ እጆች እንደ መቀስ ናቸው፤ ክሩን ቁረጥልኝ» አለችው።

«እቆርጥልሽ ነበር፤ ሰውየው ቢያየኝስ? እስቲ ትንሽ ዞር ይበል» አላት።

ሰውየው ዞር አላለም። ክሩን ከድንጋዩ አላቀቀና ልጇን ሽቅብ ጎትቶ ወሰደው።

ከዚያ ወዲያ እናቲቱ እህል ውሃ አላሰኛትም፤ ከዚያች ስፍራም አልራቀችም። በሦስተኛው ቀን መንጠቆው እንደገና ወረደ። ከትሉ ውስጥ ምን እንደተደበቀ ታውቃለች። ቢሆንም፣ «ልጄ የሄደው በዚህ መንገድ ነው» አለችና አፏን ከፈተች።

ሸርጣኑ ይህን ሲያይ ፍርሃቱን ረስቶ ከስንጥቁ ወጣ። እጆቹን ከፍቶ ወደ ክሩ ተወረወረ፤ ክሩ ግን አልፎት ወደ ላይ እየሮጠ ነበር። የጨበጠው ውሃ ብቻ ሆነ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በግንቡ ሥር «ጎረቤቴ» ብሎ የሚጠራው አላገኘም።

ተረቴን መልሱ፣ ዕንባዬን አብሱ።