ኩሬውን የጠጣው ሌባ

አንድ ጊዜ በጋ በጠናበት ቆላ አያ ጅቦ የኩሬ ዘበኛ ሆኖ ተሾመ። አውሬዎቹ ተሰብስበው፣ «ከተራው ውጭ ውሃ የጠጣ ለዘበኛው ራት ይሁን» ብለው ተማምለዋል። ጅቦ ሹመቱን የወደደው ለዚህች ራት ሲል ነው፤ ሌላውማ ምን ያደርግለታል!

ዓይኑን ሳይነቅል ጠበቀ። ኩሬው ግን በየቀኑ ይጎድላል። ጅቦ ተጨነቀ፣ ሆዱም ጮኸ። በመጨረሻ እዳር ሣር የምትግጠውን አህያ ያዘና ከግንድ ጋር አሰራት።

«ውሃውን የጠጣሽው አንቺ ነሽ!»

«ኧረ በፈጠረህ! ተራዬን ስጠብቅ ጉሮሮዬ ደርቋል።»

«ይህን የሚያክል ሆድ ይዘሽ?»

አህያ እንባዋ መጣ። «በል እንግዲህ፣ አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው።

ጥሬ መብላት ለሹም አይመጥንም ብሎ ጅቦ በድስት ውሃ ጣደ። ይሄኔ ቀበሮ ደረሰች። አህያን አይታ አዘነችላት፤ ፊቷ ላይ ግን አላሳየችም።

«ምን ያስቸኩልሃል? በደንብ ይፍላ እንጂ» አለችና ስለ አንድ የሰባ በሬ ታወራለት ጀመር። ጅቦ ምራቁን እየዋጠ ድስቱን ረሳው። ዘወር ሲል ውሃው ከግማሽ በታች ሆኗል።

«ወይኔ! ይሄንንስ ማን ጠጣው?»

«አህያ ትሆናላ።»

«ምን ነካሽ! ታስራ የለም እንዴ?»

«እንግዲያው ይህን እንደ ጭስ የሚወጣውን እይ። እንፋሎት ይባላል። ውሃ ሲሞቅ እንዲህ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል።» ድስቱን ከደነችና ጥቂት ቆይታ ክዳኑን ገለበጠችው። ጠብታ ሞልቶበታል። «ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይኸው፣ ተመልሶ ውሃ ነው። ፀሐይም ኩሬህን ቀስ እያለች ታሞቀዋለች፤ የእሱ እንፋሎት ግን ለዓይን አይታይም። ላይ ደርሶ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል።»

ጅቦ ክዳኑን ላሰ። እውነትም ውሃ! «ታዲያ ሌባዋ ፀሐይ ከሆነች፣ ራቴን ከሰማይ እንዴት ላወርዳት ነው?» አለ ተክዞ።

ቢሆንም ገመዱን ፈታ። «ይቅር በይኝ፣ ሆዴ ነው ያሳሳተኝ» አላት አህያን፤ ቀና ብሎ ሊያያት እንኳ አፈረ።

ብዙም ሳይቆይ ደመናው ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። ጅቦ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ፣ «መለሰች! የወሰደችውን መለሰች!» እያለ ፈነጠዘ። ኩሬው ሲሞላ መጀመሪያ የጠራው አህያን ነበር።

«ነይ፣ ዛሬ ያለ ተራሽ ጠጪ። ዘበኛው ዓይኑን ጨፍኗል» አላት።

ከዚህ የምንማረው የጎደለው ነገር የት እንደሄደ ሳንመረምር፣ ሆዳችን የተመኘውን ሁሉ ሌባ ማድረግ እንደማይገባን ነው።