የአውራ ጣት ቦታ

በኦርጎጫ ተራራ ግርጌ በሚቆመው የሐሙስ ገበያ ከአስታ ዛፍ ሥር የተፈለፈለ ጋያ ሊገዛ የመጣ እንግዳ ሁልጊዜ በአንድ ነገር ይከራከራል። የጋያው ራስ፣ ማለትም ትንባሆው የሚነድበት ጎድጓዳ፣ ዙሪያውን ለስልሶና በሰም ተወልውሎ ፊት የሚያሳይ ሆኖ ሳለ፣ በግራ ጎኑ በኩል አውራ ጣት የምታህል ቦታ ሻካራ እንደሆነች ትቀራለች። እንግዳው «ይቺን ጨርስልኝና ልውሰደው» ይላል። ሠሪው «አልቋል እኮ» ይላል። እንግዳው ስንፍና መስሎት ዋጋ ሊያስቀንስ ሲሞክር ሠሪው ጋያውን ከእጁ ይቀበልና ወደ ቅርጫቱ ይመልሰዋል። የኦርጎጫ ጋያ ሠሪዎች ትዕግሥታቸውን ሁሉ እንጨቱ ላይ ስለሚጨርሱ ለገበያተኛ የሚተርፍ የላቸውም። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ግን ሽማግሌዎቹ የሚሉት አለ።

ከብዙ ትውልድ በፊት በተራራው ወገብ ላይ ኦይቻ የሚባል ጋያ ሠሪ ይኖር ነበር ይባላል። በዚያ ዘመን አገሬው የሚያጨሰው በሸክላ ጋያ ሲሆን፣ ከአስታ ሥር ጋያ ማውጣት የሚያውቀው የኦይቻ ቤት ብቻ ነበር። የአስታ ሥር ከግንዱ በታች አብጦ የሚወጣው ክፍሉ ጠጣር ነው፤ ውስጡ እሳት ሲነድ ውሎ እሱ አይነድም። ኦይቻ ይህን ሙያ ያስተማረው ለአንድ ልጁ ለአንጁሎ ነበር፤ አንጁሎም ከአባቱ የበለጠ እጅ እንደነበረው ይነገራል። በወጣትነት የሞተ ሰው ሙያው ሲወራ ትንሽ ከፍ ማለቱ ያለ ነገር ነው፣ ይሁን እንጂ እኔ ይህን አምናለሁ።

አንጁሎን የገደለው ሻንቆ የሚባል የማዶው ጎሳ ጎልማሳ ነው። ሊገድለው አስቦ እንዳልነበረ ሁለቱም ወገን ይናገራል፤ በግጦሽ ተጣልተው፣ ዱላ ተማዘው፣ አንጁሎ ሲወድቅ ራሱ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ቀረ። ወዲያው የአንጁሎ የአጎት ልጅ ዳልኬ ጦሩን ይዞ ወጣ፣ የሻንቆም ወንድሞች ጦራቸውን ይዘው ወጡ፣ ሴቶቹ እርጥብ ሣር ይዘው በመካከል ባይንበረከኩ ኖሮ በዚያ ቀን ስንት ሰው ይቀበር እንደነበር የሚያውቅ የለም።

ሽማግሌዎቹ በጉባኤው ሜዳ ተቀምጠው ብዙ ከመከሩ በኋላ ታላቁ ሽማግሌ እንዲህ ብሎ ፈረደ አሉ፦

«ሻንቆ የኦይቻን ልጅ ብቻ አልገደለም፣ የቤቱንም ሙያ ገድሏል። ስለዚህ ኦይቻ ቤት ይግባና ይማር። ሥሩን ከመቆፈር ጀምሮ እስከ መወልወሉ በገዛ እጁ አንድ ጋያ ይሥራ። ገብሱ ሳይታጨድ ሁለቱ ወገኖች እዚህ ሜዳ ላይ ከዚያ ጋያ ያጭሱ። ትንባሆው ዐመድ እስኪሆን ጋያው ከጸና ደሙ ደርቋል። ከተሰነጠቀ ግን ምድሪቱ እርቁን አልወደደችውም፤ ሻንቆን ዳልኬ ይረከበዋል።»

ዳልኬ በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመረ። «አጎቴ በአፉ ያስተምረው እንጂ በእጁ አይንካው። አጎቴ የነካው እንጨት አይሰነጠቅም» አለ። ይህም ተፈቀደለት። ሻንቆ ቢሰጥ ወንድሞቹ እጃቸውን አጣጥፈው እንደማይቀመጡ፣ ከሻንቆ ቀጥሎ የሚሞተው ዳልኬ ራሱ እንደሚሆን ሁሉም ያውቅ ነበር፣ ዳልኬም ያውቅ ነበር፣ ግን ደም ዓይኑን ጋርዶት ነበር።

ሻንቆ ኦይቻ ቤት ገባ። ኦይቻ ጠልቶታል፤ ይህን ሊሸፋፍን የሚሞክር ተራኪ እስካሁን አልገጠመኝም። ስሙን አልጠራውም፣ ፊቱንም በቀጥታ አላየውም፣ ባለቤቱም ምግቡን ከደጃፉ ላይ አስቀምጣ ዘወር ትል ነበር። ሁለቱ ወንዶች ቀኑን ሙሉ አንድ መደብ ላይ ይቀመጣሉ፣ በመካከላቸው ስለት አለ፣ ከሽማግሌው አፍ የሚወጣውም «ቁረጥ»፣ «ተው»፣ «ገና ነው» ብቻ ነው። ሻንቆ ጎንበስ ብሎ ሲፈለፍል ማጅራቱ ለኦይቻ ተጋልጦ እንደሚቀር ያውቃል።

የመጀመሪያውን ሥር ሲፈለፍል ጎኑን በሳው። ሁለተኛውን የጋለውን ብረት አጣሞ አስገብቶ አበላሸው። የጋያ ሥራ ጭንቁ እዚህ ላይ ነው፤ ጎድጓዳው ከላይ ይወርዳል፣ የጭሱ ቀዳዳ ደግሞ መሳቢያው ቀርከሃ ከሚሰካበት በኩል በጋለ ብረት ይገባል፣ ሁለቱ በዓይን ሳይታዩ ጎድጓዳው ግርጌ ላይ መገናኘት አለባቸው። በሦስተኛው ሥር ተገናኙለት። ሻንቆ በቀዳዳው እፍ ሲል ብናኙ በጎድጓዳው በኩል ብን ብሎ ወጣ፣ ቀና ሲልም ኦይቻን በቦታው አላገኘውም። ሽማግሌው ከቤቱ ጀርባ ሄዶ አለቀሰ ይባላል። እጅ እንዳለው አይቶ ነበርና፤ ልጁን በገደለው ሰው ላይ የልጁን እጅ ማየት እንዴት አያስለቅስ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ማድረቅ ነበር። ኦይቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ረዘም አድርጎ ተናገረ። «በኮባ ጠቅልለህ ከጥላ አኑረው። ውኃው ራሱ መንገዱን ፈልጎ ይውጣ። እሳት እንዳታሳየው።»

ዳልኬ ግን በየጠዋቱ በአጥሩ በኩል ያልፋል። ቆሞ አይሳደብም፣ አይዝትም። «ገብሱ ቢጫ እየሆነ ነው» ይልና መንገዱን ይቀጥላል። በማግሥቱም ይመጣል። «ከታች ያለው ማሳ ደርሷል» ይላል። ሻንቆ ኮባውን ገለጥ አድርጎ ይነካዋል፤ እንጨቱ እንደረጠበ ነው። እንዲህ እያለ ሲጨነቅ ከሸንተረሩ ወዲያ የኦይቻ ዘመድ ሞተና ሽማግሌውና ባለቤቱ ለልቅሶ ሄዱ። ሻንቆ ብቻውን ቀረ። ከውጭ የማጭድ ስለት ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ ሰዉ ማጭዱን እየሳለ ነበር። ያን ጊዜ ጋያውን ከኮባው አውጥቶ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ አስቀመጠው።

ሲያወርደው ደርቋል፣ ቀልሏል፣ መልኩም አምሯል። በግራ ጎኑ ግን ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች።

ሌላ ሥር ለመቆፈር ጊዜ አልነበረም። ሰም አቅልጦ ከእንጨቱ ብናኝ ጋር ለወሰና ስንጥቋን ደፈናት፣ ከዚያ በሻካራ ቅጠል ፈተገ፣ በቅቤ አሸ፣ በሰም ወለወለ፤ በመጨረሻ የራሱም ዓይን ቦታዋን አጣት። ኦይቻ ከልቅሶ ሲመለስ ጋያውን ከሩቅ አየና «መቼ ደረቀ?» አለው።

«ነፋስ ነበር» አለ ሻንቆ።

ሽማግሌው መንካት ተከልክሏልና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወጣ።

በቀጠሮው ቀን ሁለቱ ጎሳዎች በጉባኤው ሜዳ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጦሮቹ ከየወገኑ ጀርባ ተሰክተዋል፤ ዳልኬ ብቻ ጦሩን ይዞ ቆሟል። ጋያው ትንባሆ ተሞላ፣ ፍም ተቀመጠበት፣ እንደ ልማዱም ቀድሞ እንዲስብ ለሟች አባት ተሰጠ። የኦይቻ እጅ ያን ጋያ ሲነካ የመጀመሪያው ነበር።

ዕድሜውን ሙሉ እንጨት የዳሰሰ እጅ ነው። ገና እንደያዘው ግራ አውራ ጣቱ ሰሙን አገኘ። አንድ ጊዜ ሲስብ ሰሙ ሞቀ፣ ሁለተኛ ሲስብ ላላ፣ ሦስተኛ ሲስብ ቀልጦ በጣቱ ሥር ሄደ፣ የውስጡም ግለት በስንጥቋ በኩል ቆዳውን ነካው። ኦይቻ ቀና ብሎ ሻንቆን አየው። ቤቱ ከገባ ጀምሮ ፊት ለፊት ሲያየው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሻንቆ ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር፣ አንገቱን ደፋ።

ጣቱን ማንሳት ብቻ ይበቃ ነበር። ጭሱ በጎን ይወጣል፣ ሁሉም ያያል፣ የልጁ ደም ይመለሳል፣ ኦይቻንም የሚወቅሰው አይኖርም። ለምን እንዳላነሳ ብዙ ይባላል። አንዳንዶቹ ዳልኬን አስቦ ነው ይላሉ፣ ሴቶቹ ደግሞ ሰው መቅበር ሰልችቶት ነው ይላሉ። እኔ ግን ያን ጊዜ የተናደደው እንደ አስተማሪ ይመስለኛል፤ አስተማሪ ደግሞ ተማሪውን ሌላ ሰው ሲቀጣበት አይወድም። ብቻ ኦይቻ ጣቱን ስንጥቋ ላይ ጭኖ ጸና።

«ይስባል ወይ?» አለ ታላቁ ሽማግሌ።

«ይስባል» አለ ኦይቻ።

ተራው የሻንቆ አባት ሆነና ጋያውን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ኦይቻ አልሰጠውም። «የጋያውን ራስ እኔ እይዛለሁ፤ አንተ ጎንበስ ብለህ ሳብ» አለው። ሰዉ አጉረመረመ፣ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ይሁን እንጂ ልጁን የቀበረ ሰው የፈለገውን ማን ይከለክለዋል? የሻንቆ አባት ጎንበስ ብሎ ሳበ፣ ወንድሞቹም ተራ በተራ ጎንበስ ብለው ሳቡ። በሳቡ ቁጥር ፍሙ ይግላል። ኦይቻ ጥርሱን ነክሶ ተቀምጧል፤ ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ጢሙ ውስጥ ይገባል።

በመጨረሻ ዳልኬ መጣ። ጦሩን እንደያዘ በአጎቱ ፊት ተንበረከከ፣ ወደ ቀርከሃው ጎንበስ ሲል ፊቱ ከአጎቱ እጅ አጠገብ ሆነ። የሚሸተው ትንባሆ ብቻ አልነበረም። ጣቱን አየ፣ ከጣቱ ጠርዝ የሚወጣውን ጭስም አየ።

«አጎቴ፣ እጅዎ...» አለ በለሆሳስ።

«ሳብ» አለው ኦይቻ።

ዳልኬ ቆየ። አንድ ቃል ቢናገር የፈለገውን ሁሉ ያገኛል። ከዚያ ጦሩን መሬት ላይ አስተኛና፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሳበ።

«ይስባል ወይ?» አለ ታላቁ ሽማግሌ።

«ይስባል» አለ ዳልኬ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ትንባሆው ዐመድ ሆነ። ሰዉ ተነሥቶ ሲመራረቅ ሻንቆ ኦይቻ እግር ላይ ወደቀ አሉ። «አባቴ፣ አወቁብኝ» አለ።

«እሳት አሳየኸው።»

«አዎ።»

«ነግሬህ ነበር።»

«ነግረውኛል።»

ኦይቻ የተቃጠለውን እጁን ጋቢው ውስጥ ደበቀ። «እንግዲያው ነገ ሌላ ሥር ቆፍር፣ ሻንቆ» አለው። «ይኸኛው ሥራ አይደለም።»

ሻንቆ በዚያ ቤት ቀረ፣ ሽማግሌውንና ባለቤቱንም ጦሮ ቀበራቸው፤ ዛሬ በሐሙስ ገበያ የሚቀመጡት ሠሪዎች ሁሉ ሙያውን ከእሱ ተቀብለው ያወረዱ ሰዎች ልጆች እንደሆኑ ይነገራል። ከዚያ ቀን በኋላ ከእጁ በወጣ ጋያ ሁሉ ላይ፣ ያ ጣት ያረፈባትን ቦታ ሳያለሰልስ ይተዋት ነበር። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ አይመልስም ነበር፤ ነገሩም የተሰማው ዳልኬ አርጅቶ ሊሞት ሲል ለልጆቹ ከተናገረ በኋላ ነው አሉ።

በኦርጎጫ አሁንም ደም ሲታረቅ የጋያውን ራስ የሚይዘው የተበደለው ነው፣ ከእጁም አይወጣም። ሌሎቹ እየተንበረከኩ ይስባሉ። ባለፈው በጋ በተደረገው እርቅ ላይ ተገኝቼ ነበር፤ ጋያውን የያዘችው ልጇ የሞተባት አንዲት እናት ነበረች፤ እየመጣ የሚንበረከከው ሰው ሁሉ ቀርከሃውን አፉ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ዓይኑን ጨፈነ። አጠገቤ የነበረ የከተማ ልጅ ጭሱ ዓይን ስለሚያቃጥል መሆኑን አስረዳኝ። ሽማግሌዎቹ ሰሙት፣ ግን ማንም አላረመውም።