የሼኽ ጀውሐር የባቄላ ከረጢት

በድንጋይ ግንብ የታጠረች፣ ስሟን ዛሬ የማንጠራት አንዲት የዱሮ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ቀን ጨርቅ የሚሸጡ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ደግሞ ተማሪ ሰብስበው ኪታብ የሚያቀሩ ሼኽ ጀውሐር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። እጃቸው ከሐራም የራቀ፣ ጨርቅ ሲለኩ ክንዳቸው ሁልጊዜ ለገዢው የሚረዝም ሰው ናቸው። ስለ እሳቸው ደግ ደጉን ብቻ ባወራ ደስ ባለኝ። የዛሬው ትረካዬ ግን እኚህ ሐቀኛ ሰው አንድ ጊዜ ዝም ስላሉት ዝምታ ነውና፣ አንባቢዬ ሆይ፣ ደስታ ከኔ አትጠብቅ።

ስድሳ ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ደረታቸውን ይይዛቸው ጀመር። ወደ መስጊድ የሚያወጣውን ዳገት ሦስት አራት ጊዜ ካልቆሙ አይጨርሱትም፤ እግራቸውም ያብጣል። ጨርቅ ሊያመጡ ወደ ባሕሩ ጠረፍ በወረዱ ጊዜ አንድ ሐኪም ጆሮውን ደረታቸው ላይ አስጠግቶ ብዙ ካዳመጠ በኋላ እንዲህ አላቸው፦

«አባቴ፣ ልብዎ ደክሟል። ቅቤና ጮማ ይተዉ፤ ጨው ይቀንሱ። ምግብዎ ባቄላ፣ ምስርና ሽምብራ ይሁን። በየቀኑም በእግርዎ ይሂዱ። ዕድሜ የአላህ ነው፤ ልብዎ ግን በእጅዎ ያለች አማና ናት።»

ሼኽ ጀውሐር ምክሩን ያዙ። ባለቤታቸው ዘሐራ በየጠዋቱ ባቄላ ትቀቅልላቸዋለች፤ ውጭ ሲውሉም በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ቋጥረው ይዘው ይወጣሉ። በሦስተኛው ወር እብጠቱ ጎደለ፤ ዳገቱንም አንድ ጊዜ ብቻ ቆመው ይወጡት ጀመር። ሕመማቸውን ግን ከዘሐራ በቀር ለማንም አልተናገሩም። አላህ ያመጣውን ለፍጡር ከስሼ አላቀርብም ብለው ነው። መጀመሪያ ላይ ኒያቸው ይኸው ነበር።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ሰርግ ላይ ነው። በዚያች ከተማ ልማድ ዱዓ ያደረገው ሽማግሌ ሳይቀምስ ማንም እጁን ወደ ማዕድ አይሰድም፤ ለሽማግሌው የሚቀርበውም የበጉ ላት ነው። ሼኽ ጀውሐር ዱዓውን ጨርሰው ላቱን ወደ ጎረቤታቸው ገፋ አደረጉና ከከረጢታቸው አንድ እፍኝ ባቄላ አወጡ። ከዚያ አንዱ ከወደ በሩ፣

«ሱብሓነላህ! ሼኻችን ዱንያን ፈቷት!» አለ።

ሼኹ አፋቸውን ሊከፍቱ ነበር። «ኧረ ታምሜ ነው» ማለት ሦስት ቃል ነው። ምስጋናው ግን ጣፈጣቸው። ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ከላቱ የበለጠ የሰባ ነገር ቀምሰዋል። ዝም አሉ።

ከዚያ ወዲያ በገበያው መንገድ እጃቸውን የሚስመው ሰው በዛ። ሴቶች ከአዲሱ አዝመራ የመጀመሪያውን ባቄላ ለበረካ እያሉ ደጃቸው ያመጡ ጀመር። አንድ ቀን ዘሐራ ከምድጃው ቀና ብላ፣ «ሰውየው፣ እኔ የምቀቅለው መድኃኒት ነው ወይስ ከራማ?» አለቻቸው። እሳቸው ያልሰሙ መስለው ውዱእ ሊያደርጉ ወጡ።

የልጅነት ጓደኛቸው ሐጂ ሙዘሚል ቅቤ ነጋዴ ነበሩ፤ አብረው ኪታብ ቀርተዋል፣ አብረው ሸብተዋል። አንድ ጁሙዓ ከሰላት ሲመለሱ ሐጂ ሙዘሚል ግንቡን ተደግፈው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣

«አንተ ጀውሐር፣ አምና ይቺን ዳገት ከኔ ኋላ ነበር የምትወጣት። ምን አገኘህ በአላህ?» አሏቸው።

በዚያ ሰዓት የሚያቀሯቸው ደረሶች ሼኹን ከበዋቸዋል፤ ሁሉም መልሱን ይጠብቃል።

«አላህ አገራልኝ፣ አቀለለልኝ» አሉ ሼኹ።

ይህ ውሸት አልነበረም። የተጠየቁት እውነት ግን እሱ አይደለም።

«የባቄላህ በረካ ነው ይላሉ» አሉ ሙዘሚል እየሳቁ። «እኔ መቼም ያንተ ማዕረግ ላይ አልደርስ፤ ቅቤዬን ይዤ ብቀመጥ ይሻለኛል።» ሳቃቸውን ሳል አቋረጠው።

ሼኽ ጀውሐር የጓደኛቸውን እግር አዩ። ከእብጠቱ የተነሣ ጫማው አልገባ ብሎ ተረከዙ ተረግጧል። ነገ ቤቱ ሄጄ ለብቻው እነግረዋለሁ አሉ በልባቸው። በማግስቱ ለኒካሕ ተጠሩ። ከዚያ ሽምግልና መጣ። በሄዱበት ሁሉ እጃቸው ይሳማል፤ ወደ ሙዘሚል ቤት የሚወስደው መንገድ ደግሞ በየቀኑ ይረዝምባቸዋል። ሃያ ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። በሃያ አራተኛው ቀን፣ ከሱብሒ ሰላት በኋላ፣ ሙዘሚል መሞታቸውን ሙአዚኑ ነገራቸው።

ጀናዛው ላይ ያሰገዱት ሼኹ ራሳቸው ናቸው። ተክቢራ ሲያሰሙ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ሰዉም የጓደኛ ሐዘን መሰለው።

ከቀብር መልስ ለተዕዚያ ተቀመጡ። እንደ አገሩ ልማድ ለለቀስተኛው ንፍሮ ይታደል ነበር፤ ለሼኹም አንድ እፍኝ ባቄላ ሰጧቸው። የሟች ባለቤት መኪያ በዕድሜ የገፋች ሴት ናት። ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ፣

«ወላሂ አልነፈግሁትም» ትላለች። «ደከመኝ ባለ ቁጥር ቅቤ አበዛሁለት። የገንፎውን ጉድጓድ እስከ አፉ ሞልቼ ነው የማቀርብለት። ምን አጎደልኩበት?»

ይህን እያለች ትንፋሽ አጠራት፤ ደረቷን ያዘች። ጎረቤቷ በፍንጃል የቀለጠ ቅቤ ይዛ መጣችና፣ «ጠጪ እናቴ፣ ልብሽን ያጠነክረዋል» አለቻት።

ሼኽ ጀውሐር ይህን ሲያዩ ንፍሮው ከእጃቸው ረገፈ። ቢናገሩ፣ ይህች ሴት በገዛ እጇ የሞላችውን ያን የገንፎ ጉድጓድ ዕድሜዋን ሙሉ ስታስበው ትኖራለች። ዝም ቢሉ ደግሞ ፍንጃሉ ከአፏ ሊደርስ ነው። ተነሡ።

«መኪያ፣ አትጠጪው! ያ ጀማዓ፣ ስሙኝ። እኔ ዱንያን የተውኩ ሰው አይደለሁም። ልቤን ታምሜ፣ ሐኪም ቅቤና ጮማ ተው፣ ባቄላ ብላ ብሎኝ ነው። ሞትን ፈርቼ ነው የምበላው። እናንተ ስታመሰግኑኝ ዝም አልኩ። በሙዘሚል ላይ የራሴን ሕመም አየሁ፤ ሲጠይቀኝ ግን ደበቅሁት። አጀሉን የወሰነው አላህ ነው፣ በምን እንደሞተ እኔ አልፈርድም። አማና የበላሁት ግን እኔ ነኝ። መኪያ ምንም አላጠፋችም።»

ከዚያ አንድ አዛውንት እንባቸውን እየጠረጉ፣ «አላሁ አክበር! ትሕትናቸውን ተመልከቱ! ከራማቸውን ሊደብቁ ነው እኮ!» አሉ። ሰዉ እጃቸውን ሊስም ተነሣ። «ኧረ እውነቴን ነው! በአላህ እመኑኝ!» እያሉ ሼኹ ጮኹ። ጩኸታቸውም ለትሕትና ተቆጠረላቸው።

ያመነቻቸው መኪያ ብቻ ናት።

«መቼ ነው ያወቁት?» አለቻቸው።

«ስምንት ወር ሆነኝ።»

«ሙዘሚል ከዚያ ጁሙዓ ወዲህ፣ ጀውሐር ሊጠይቀኝ ይመጣል እያለ በር በሩን ያይ ነበር» አለች። ፍንጃሉን ሳትቀምሰው መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ሼኽ ጀውሐር ከዚያ በኋላ ሱቃቸውን ለሌላ ትተው ከቤት ቤት ይዞሩ ጀመር። የደከመ አዛውንት ባለበት ሁሉ ባቄላ ይዘው ይገባሉ። «ይህ ዒባዳ አይደለም፣ ምግብ ነው። ቀቅላችሁ አብሉት፤ ቅቤና ጨው ቀንሱለት፤ ሐኪም ስታገኙም አሳዩት» ይላሉ። ሰዎቹ ባቄላውን ተቀብለው ይስሙታል፣ ግንባራቸውን ያስነኩታል፣ ከዚያ በቀይ ጨርቅ ቋጥረው በሽተኛው አንገት ላይ ያንጠለጥሉታል። በሽተኛውም ባቄላውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቅቤውን ይበላል። ሼኹ አንድ ቀን ከእንዲህ ዓይነቱ ቤት ሲወጡ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ከዚያ ተነሥተው የሚቀጥለውን በር አንኳኩ።

በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ አንድ እንግዳ ሊዘይራቸው መጥቶ፣ «ሥጋ የተዉት ሼኽ እርስዎ ነዎት?» አላቸው። እሳቸውም፣

«ሥጋ ትቷል ብለው ሲያመሰግኑኝ፣ የወንድሜን ሥጋ እየበላሁ ነበር» አሉ።

እኛ ሰው በምላሱ እንደሚዋሽ ብቻ እናስባለን። ሼኽ ጀውሐር ግን ባልተናገሩት ሦስት ቃል ጓደኛቸውን አጡ፤ ቃሉን በተናገሩት ጊዜ ደግሞ የሚሰማቸው ጠፋ። ሰው ያላግባብ ያገኘውን ክብር ልመልስ ሲል የሚቀበለው እንደማያገኝ ባሰብኩ ቁጥር እፈራለሁ። ለወላጆቻችን ከፍቅር የተነሣ ቅቤ የምናበዛ እኛስ፣ የሚያውቀው ሰው መጥቶ እስኪነግረን ስንት ቀን በር በሩን እናይ ይሆን?

ሼኹ ያደሉትን ባቄላ ቀቅላ የበላችው መኪያ ብቻ ናት፤ እሷም ከሼኹ በኋላ ብዙ ኖረች። ሼኹ እስኪሞቱ ድረስ በየጁሙዓው በደጇ ሲያልፉ ሰላምታ ያቀርቡላት ነበር። እሷም ትመልስላቸዋለች፣ ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነውና። ግቡ ብላቸው ግን አታውቅም።