ቀትር ላይ ውርጭ ነው ያለው መኪና

«አንድ ሰው ነበረ፤ ዘመናዊ መኪና ነበረው» አሉ መምሬ ላቀው።

ይህን ያሉት አሰጋኸኝ የሚባል የንስሐ ልጃቸው ጥያቄ ይዞ ቢመጣ ነው። ጥያቄው ይህ ነበር፦ «ያገባች ልጄ በየወሩ እያለቀሰች ትመጣለች። አንዴ ባሌ አስራበኝ ትላለች፤ ሽማግሌ ስንልክ ጎተራው ሙሉ ነው። አንዴ አማቴ ሰደበችኝ ትላለች፤ ጎረቤት ስንጠይቅ አማትየዋ ሌላ አገር ከሄደች ሰንብታለች። ስታወራ አንዱም እውነት ሆኖ አያውቅም። ከእንግዲህ ከደጄ ብመልሳት ኃጢአት ይሆንብኛል?»

መምሬ ቀጠሉ።

«በመኪናው መሪ ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር አለች። በቀረው ነዳጅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ፣ ውጭው ምን ያህል እንደሚሞቅ በቁጥር ታሳያለች። አንድ ቀን ሰውዬው ነዳጅ ሞልቶ ሲነሣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ብቻ ቀርቶሃል አለችው። ደንግጦ ወደ ማደያው ተመለሰ፤ ነዳጁ ሙሉ ነው። በሳምንቱ አዋሽ በረሃ ውስጥ፣ ቀትር ላይ፣ ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ነው አለች። አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ በሳቅ ፈረሰች። ‹ኧረ ጋቢ አምጡልኝ፣ ብርዱ ገደለኝ!› እያለች መንገዱን ሙሉ ቀለደችበት።

«ሰውዬው መኪናውን ወደ ኤሌክትሪሺያን ወሰደ። ኤሌክትሪሺያኑ ኮምፒውተሯን አልነካም። ኮፈኑን ከፍቶ ከባትሪው ጀምሮ ኃይሉን ለካ። የመለኪያው መርፌ ይወጣል፣ ይወርዳል።

«‹ኮምፒውተሯ ደህና ናት› አለ። ‹የሚደርሳት ኤሌክትሪክ ነው የሚቆራረጠው። የሆነ ቦታ የላላ ወይም የዛገ ሽቦ አለ። እሷ ትንሽ መቆራረጥ ስለማትችል ቀድማ ትቀባጥራለች። ፈልጌ እስካገኘው ሁለት ቀን ተውልኝ።›

«‹ሁለት ቀን? ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ እኮ! ነዳጁን አይቼዋለሁ፣ ሙሉ ነው። ብርዱንም አይተነዋል። ውሸታም ናት፣ በቃ።›

«‹እውነት ተናገረች መቼ አልኩ፣ ጋሼ? ለምን እንደምትዋሽ እንወቅ ነው የምልዎት።›

«ሰውዬው አልሰማውም። የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል ገዛ። ሌሎች ነጂዎች መስተዋቱ ሥር የሚለጥፉትን እሱ በኮምፒውተሯ ፊት ላይ ለጠፈው። መልአኩን አምኖ አይደለም፤ ቁጥሩን ላለማየት ነው።

«ቅዳሜ ከሚስቱ ጋር ወደ ሠርጉ ሲሄዱ፣ ቁልቁለት ላይ፣ የላላው ሽቦ ጨርሶ ወለቀ። ሞተሩ ጠፋ። መሪው ከበደ፤ ፍሬኑ አልረገጥ አለ። መኪናው ገደል ገባ። እሱ ተረፈ። ሚስቱን እሑድ ቀበርናት፤ ፍትሐቱን ያደረስኩት እኔ ነኝ። በኋላ ኤሌክትሪሺያኑ ሄዶ ሲያየው የወለቀው ሽቦ ባትሪው ሥር ነበር። የላላችው አንዲት ብሎን ናት።»

መምሬ ላቀው ወደ አሰጋኸኝ ዞሩ።

«ያ ሰው አንተ ነህ። ልጅህ የምትለው ልክ እንዳልሆነ አጣርተሃል፤ በዚህ አልከራከርህም። ጎተራው ሙሉ ነው። ግን ጎተራው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሰው ተራብኩ እያለ የሚያለቅስበት ቤት ደህና ቤት ነው? ልትናገረው ያልቻለችው ነገር ስላለ ሌላ ሌላውን ትናገራለች። ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ብቻዋን አድርጎ የጠየቃት አለ?»

«የለም፣ አባ። ባሏ አጠገቧ ነበር።»

«አሁን የት ናት?»

«ዛሬ ጠዋት መጥታ ነበር። ከደጅ መለስኳት። እርስዎ ዘንድ የመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።»

«ስትመልሳት ምን አለች?»

«ምንም። ዛሬስ አላለቀሰችም።»

መምሬ መቋሚያቸውን አንሥተው ቆሙ።

«እንግዲያ መኪናው ቁልቁለቱን ጀምሯል» አሉ። «ተነሥ፣ ቤቷን አሳየኝ።»