የአስተባባሪው እጅ

አንዲት ምላሰኛ አራስ ያለ ጊዜው የተወለደ ልጇን አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ደረቷ ላይ ለጥፋ ታሞቅ ነበር። በስንት ጭንቅ ነው ነፍስ የዘራላት።

አንድ ቀን የዞኑን የጨቅላ ሕፃናት ጤና ፕሮግራሞች የሚያስተባብሩት ኃላፊ ለጉብኝት መጡ። ከበሩ ጀምሮ የተኮለኮለውን ሰው፣ የሚያስለውን ከሚያስነጥሰው ሳይለዩ፣ እየጨበጡ ገቡና በዚያው እጃቸው ሕፃኑን ለፎቶ ሊያቅፉ ተንጠራሩ።

«መጀመሪያ ይታጠቡ» አለች፣ ልጇን በነጠላዋ ሸፈን አድርጋ።

ኃላፊው በሰው ፊት መደፈራቸው አንገበገባቸው። «አንቺ! ይህን ሁሉ ፕሮግራም የሚያስተባብረው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

የጤና ጣቢያው ሐኪም ሳይቀር አቀረቀረ። እሷ ግን እጃቸውን ትክ ብላ አየችና፣

«እንዴት አላውቅዎ፣ ጌታዬ!» አለች። «የአገሩን ጉንፋን ሁሉ በአንድ እጅ ማስተባበር ከእርስዎ በቀር ማን ይችልበታል?»