ግድግዳ ላይ የቀረው በርበሬ

ተረት እኮ ከሰማይ አይወርድም። አንዱ ጉድ ሲሆን ሌላው አይቶ ይተርትበታል፤ እኛ ደግሞ ባለቤቱን ረስተን እንቀባበለዋለን። እስቲ ዛሬ የአንዱን ተረት ባለቤት ላስተዋውቃችሁ።

ወይዘሮ አንጓች ትባላለች። ቤቷ ከወንዝ ማዶ ነው። ያ ወንዝ በበጋ ዶሮ ይሻገረዋል፤ ሐምሌ ሲገባ ግን በቅሎ ጠራርጎ ይወስዳል። አንዴ ከሞላ ሁለት ሳምንት መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ የዚያ አገር ሴት ፀሐይ ሳለ በርበሬዋን አስጥታ ደቁሳ፣ ሽሮዋን አዘጋጅታ፣ ጨውና ማገዶዋን ከትታ ነው ክረምትን የምትቀበለው። “የቤትሽን ሰው ቁጠሪ፣ መንገደኛም ጨምሪ” ይባባላሉ።

አንጓች ሙያ አላት፤ አይካድም። ግን አጉል ኩራት አለባት። “በርበሬ የሚጣፍጠው የዕለቱ በዕለቱ ሲደቆስ ነው” ትልና ዛላውን እንዳለ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች።

ጎረቤቷ ጥዑም፣ “አንቺ ሴት፣ ኧረ መጥነሽ ደቁሺ! ሰማዩ እየጠቆረ ነው” ብትላት፣

“እኔና ብርቄ ስንት ልንበላ ነው? ለሁለት ሰው አንድ ጭብጥ ይበቃል” አለቻት። ብርቄ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች አንድ ልጇ ናት።

የሰኔ ጾም በተፈታ ማግስት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ብርቄን ለባሻ ደምለው የልጅ ልጅ ሊጠይቁ ነው፤ ባሻ ራሳቸውም ከሦስቱ አንዱ ናቸው። አንጓች ልጁን ታውቀዋለች። ከእሱ የተሻለ አማች በሕልሟም አላየች። በደስታ ያለ የሌለ ድቁሷን አራግፋ ዶሮ ሠራች። በልተው ሳይጨርሱ ዝናቡ ወረደ፤ በማግስቱ ወንዙ ሞልቶ አገኙት።

እንግዶቹ ቀሩ። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን። አንጓች ከጥዑም ሁለት ጊዜ በርበሬ ተበደረች፤ ለሦስተኛው በምን ዓይኗ ትሂድ? ወደ ዛላዋ ዞረች። እሱ ግን እርጥበት ስቦ እንደ ጆሮ ለስልሷል። ሙቀጫ ውስጥ ብትወቅጠው ለጥ ይላል እንጂ አይደቅም። እንዳታሰጣው ፀሐይ የለ!

“በእሳት አደርቀዋለሁ” አለችና ምጣድ ላይ ዘረገፈችው። አቤት ጭሱ! እነዚያ የተከበሩ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው፣ እያስነጠሱና እየተጋፉ ዝናብ ውስጥ ወጡ። በርበሬውም አርሮ ከሰል ሆነ።

ጭሱ በርዶ ሲመለሱ አንጓች ሽንኩርት ብቻ የገባበት ድስት ጥዳ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች።

“ልጄን አዋረድኳት! እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ይባል የለ? እኔን አይቶ ማን ይወስዳታል?”

ይኼኔ ብርቄ ብድግ ብላ ባሻ ደምለው ፊት ቆመች።

“አባባ፣ ስንቅ ይዛችኋል?”

እንግዳን ስንቅ መጠየቅ! አንጓች መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ባሻ ግን ሳቁ፤ ከስልቻቸውም አንድ ቅል ድቁስ በርበሬ አወጡ።

“ባለቤቴ ለግማሽ ቀን መንገድ የሁለት ሳምንት ትሰንቅልኛለች። ‘አህያሽ መሰልኩሽ?’ ብዬ ተቆጥቻት ነው የወጣሁት፤ እግዜር ይስጣት! እስካሁን ያላወጣሁት የሰው ቤት መንቀፍ እንዳይሆንብኝ ነው። እንቺ ልጄ።”

ብርቄ ጨምራ አማሰለች። ወጡ ቀላ፤ ቤቱ ሸተተ። ባሻም ገና አንድ ጉርሻ ሳይቀምሱ፣ “ከኩራቷ የቤቷን ሆድ የምታስቀድም ልጅ አገኘን። እኛ ወደናታል” ብለው ቃሉን አሰሩ።

አንጓች ግን ማልቀሷን አላቆመችም። እያለቀሰችም፣ በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ “ታዲያ ለሰርጉ ለስንት ሰው ልደቁስ?” ስትል ቤቱ በሳቅ አውካካ።

ባሻ ደምለው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና እንዲህ አሏት፦ “አይ አንጓች! ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!”